«ሎርድ» ከዳቦ ነው የመጣው

«ጌታ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው ሎርድ ከላቲን የመጣ ነው ወይስ ጌታ ከሚለው ከጀርመንኛው ሄር ጋር ዘመድ ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ሁለቱም አይደለም። ሥሩ ጀርማኒክ ነው፣ ማለትም እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ከሚወለዱበት የቋንቋ ቤተሰብ፣ ከሄር ጋር ግን አይገናኝም። ሄር «በዕድሜ የሚበልጥ፣ የተከበረ» ከሚል ቃል የወጣ ነው። ሎርድ ግን የወጣው ከዳቦ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ህላፍ ማለት ዳቦ፣ ዌርድ ማለት ጠባቂ። ህላፍዌርድ፣ ዳቦ ጠባቂ። ሲነገር ሲነገር እያጠረ ህላፎርድ፣ ከዚያ ሎቨርድ፣ በመጨረሻም ሎርድ ሆነ። ሌዲም ከዚያው ቤት ናት። ጥንት ህላፍዲዬ ነበረች፤ ሁለተኛው ክፍል ከማቡካት ጋር ይዛመዳል። እመቤቲቱ ሊጥ አቡኪ ነበረች ማለት ነው!

እኔ ይህ ነገር የገባኝ ጀርመን አገር ዳቦ ቤት ስሠራ ነው። እዚያ ሙሉውን ዳቦ ላይብ፣ ሊጡን ታይግ ይሉታል። ላይብ የእንግሊዝኛው ሎፍ፣ ማለትም የዛሬው ህላፍ፣ ወንድም ነው፤ ታይግ ደግሞ ሊጥ ማለት የሆነው የዶው። እንግሊዝኛው «ድ» በሚልበት ቦታ ጀርመንኛው ብዙ ጊዜ «ት» ይላል፦ ዴይና ታግ (ቀን)፣ ድሪንክና ትሪንከን (መጠጣት)፣ ዶተርና ቶኽተር (ሴት ልጅ)። ይህችን ከያዝሽ ብዙ ዘመዳሞች ራስሽ ታገኛለሽ። ትርጉማቸው ስለተቀራረበ ብቻ ግን ዘመድ አታድርጊያቸው፤ ሎርድና ሄር ራሳቸው ምስክር ናቸው።

ደስ የሚለኝ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የነበረችው የኬንት ንጉሥ የኤቴልበርህት ሕግ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በራሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሕግ ነው። የአንድን ገበሬ ህላፍኤታ የገደለ 6 ሺሊንግ ይክፈል ይላል። ህላፍኤታ ማለት ዳቦ በላ፣ ማለትም በሰው ቤት እየበላ የሚያድር አገልጋይ ነው። ዳቦውን የሚጠብቅ ጌታ፣ ዳቦውን የሚበላ ሎሌ። ለኛ ይሄ ምኑ ይከብዳል? እንጀራ አባት የምንል ሰዎች እኮ ነን።

በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ባሮንን የመሰሉ የፈረንሳይኛ ማዕረጎች ገቡ። ሎርድና ሌዲ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ህላፍ ሌላም ቦታ ተደብቆ አለ። ኦገስት 1 ቀን የሚውለው ላማስ የሚባለው የእንግሊዝ በዓል ጥንት ህላፍመሰ ነበር፣ የዳቦ ቅዳሴ። ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ቤተ ክርስቲያን ይወሰድ ነበር።