ከሁሉ በፊት ኢንቮይሱን ማን እንደሚያየው ጠይቂ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። መሥሪያ ቤታችሁ በዓመት አንዴ ኦክቶበር 10፣ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲደርስ፣ አንድ ባለሙያ ጋብዞ ንግግር ያስደርጋል፣ ያበቃል። አሁን ደግሞ አለቃሽ «ለሠራተኛው የአእምሮ ጤና ዓመቱን ሙሉ የሚሆን ነገር አዘጋጂ» ብሎ ከትንሽ በጀት ጋር አሸክሞሻል። ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እኔም ሰው ሀብት ውስጥ ሆኜ ይህንኑ ሥራ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቀኑን አልንቀውም። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሲከበር የቆየ ቀን ነው፣ ስለ ድባቴና ጭንቀት አፍ አውጥቶ ለማውራት ጥሩ ሰበብ ይሆናል። ፖስተሩን፣ ንግግሩን፣ ቡድን ማጠናከሪያውን ታውቂዋለሽ፣ እሱን እዘለዋለሁ።

1. ከምክር አገልግሎቱ በፊት ክፍያውን አስቢ። ሠራተኛውን የምታማክረው ባለሙያ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ስትልክ ማን ነው የሚያየው? ተራ ጥያቄ ይመስላል። እኛን ያቃጠለን ግን ይኸው ነው።

ከውጭ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ተዋዋልን። ሠራተኛው ራሱ ደውሎ ቀጠሮ ይይዛል፣ መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል። መጀመሪያ ላይ የደወለ ሰው አልነበረም። ሰዉ ይፈራል፣ አልፈርድበትም። ቀስ በቀስ ግን አንዱ ለሌላው እየነገረ መሄድ ጀመሩ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ከዚያ ፋይናንስ ኢንቮይሱን መለሰው። ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር ተያይዞ ይቅረብ» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማ። ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ስም የሌለው ወጪ ለኦዲተር ምን ብዬ ላቅርብ?» አለ። ቀጥሎ እየሳቀ «ደሞስ ማን ማን እንዳበደ ማወቅ የለብንም?» በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የሒሳብ ሠራተኞቹ እዚያው ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

ስም አልሰጠሁም። እሱም ክፍያውን ያዘው። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሕንፃውን አዳርሶ «ስም ዝርዝር ሊወጣ ነው» ሆነ። ቀጠሮ የያዙት መሰረዝ ጀመሩ። አንዷ ደውላ «ስሜ አለበት?» አለችኝ። የለበትም አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ «እሺ» ብላ ዘጋችው፤ እንዳላመነችኝ ከድምጿ ገብቶኛል። ያችን ቀይ ጽሑፍ ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ይህን ውሉ ውስጥ አስገቢ፦ ኢንቮይሱ ላይ የሚሰፍረው የቀጠሮ ብዛትና ኮድ ብቻ ነው፤ ኮዱን ከስም የሚያገናኘው መዝገብ ባለሙያዋ ዘንድ ይቆያል፤ ወደ ሰው ሀብትም ቢሆን አይመጣም፣ ወደ እኔም ወደ አንቺም ማለቴ ነው። ምስጢሩ የሚነሳው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ እንደሆነ ደግሞ ለሠራተኛው ቀድሞ ይነገር። በጀትሽ ከፈቀደ በየወሩ ቁርጥ ያለ ክፍያ ይሻላል፣ ማን ሄደ ማን ቀረ የሚለው ጨርሶ አይነሳም። የኦዲተሩ ነገር? እኔ ራሱን ኦዲተሩን ጠየቅሁት። «ውሉና የቀጠሮው ብዛት ይበቃኛል፣ ስም ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። የጠየቅሁት ኃላፊው ባለበት ነው። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኛል።

2. የቅርብ አለቆች። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ሥራ አስኪያጆችና ተቆጣጣሪዎች ስለ ሠራተኛ የአእምሮ ጤና ይሠልጥኑ ይላል። ሐኪም ይሁኑ አይደለም። ሰው ሲለወጥ ልብ እንዲሉ፣ እንዲጠይቁ፣ ወደ ባለሙያ መምራት እንዲያውቁበት ነው። እኛ ጋ አንድ ተቆጣጣሪ አለ፣ ንግግር የማያውቅ፣ ኮስተር ያለ ሰው። ከሥሩ አንዱ ልጅ ሪፖርት ማዘግየት፣ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት ሲያበዛ ለብቻው ጠራውና «ሰሞኑን ልክ አይደለህም። እንድትነግረኝ አላስገድድህም። ከሥራህ ላይ ምኑን ላንሳልህ?» አለው። አንዱን ሥራ አነሳለት፣ የባለሙያዋንም ስልክ ሰጠው። ልጁ ሄደ። ከቀዩ ጽሑፍ በኋላ ሰዉን መልሶ ያመጣልኝ የእኔ ኢሜይል ሳይሆን የእሱ ዓይነት ሰው ነው። እነዚህን ፈልጊያቸው፣ በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፉም።

3. ሥራው ራሱ። እዚህ ላይ ከአለቃሽ ጋር ትጋጫላችሁ፣ ተዘጋጂ። እንግሊዝኛው በርንአውት የሚለውን በሥራ መሰላቸትና መዛል የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲተረጉመው መላ ያላገኘ፣ የከረመ የሥራ ቦታ ጫና ውጤት ነው አለ። በሽታ ብሎ አልመደበውም፣ ከሥራ ጋር አያይዞ ነው ያስቀመጠው። እንግዲህ የለቀቀ ሰው ሳይተካ የሁለት ሰው ሥራ የሚሠራን ሰው «በጥልቀት ተንፍስ» ብሎ ማሠልጠን ስድብ ነው።

ለእኛ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩለት ሌላ ወረቀት ነበር። ይኸው ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል ይላል። ወረቀቱን አነበበ፣ አኮረፈኝም። ግን የምሽት ሥራው ቀነሰ።

«ዓመቱን ሙሉ» የሚለውን እንግዲህ በካላንደር አሳዪው። ሒሳብ የሚዘጋበትን፣ ሥራ የሚቆለልበትን ወር ቀድመሽ ምልክት አድርጊ። በዚያ ወር አዲስ ሲስተም አይገባም፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና አይደረግም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዓመት ፈቃድ የሚወጣበት ይሁን፣ በፈቃድ ላይ ያለ ሰውም አይደወልለት። ይህ ከበጀትሽ ምንም አይቀንስም።

አለቃሽ ሪፖርት መጠየቁ አይቀርም። ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ስጪው፣ በየክፍሉ አትከፋፍዪው። ሦስት ሰው ያለበትን ክፍል «አንድ ሰው ተጠቅሟል» ካልሽ ስሙን እንደመጥራት ነው። ፋይናንስሽ «ስም አምጪ» ካለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የእኛን የውል አንቀጽ እንዳለ እለጥፍልሻለሁ።