ትናንት አንደኛ፣ ዛሬ ሰባተኛ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ በዋና ትወዳደራለች፤ ብዙ ጊዜም አንደኛ ነበረች። መስከረም ላይ 11 ዓመት ከሞላት ወዲህ ግን በ100 ያርድ ነፃ ቀዘፋ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ እየወጣች ነው። በውድድር ቀን ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ትላለች፤ ከገንዳው ስትወጣ ታለቅሳለች። አባቷ «ጠንከር በይ» ይላታል፤ እኔ «ማሸነፍ ምንም አይደለም» እላታለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ የልደቷን ቀን አስቡት። አሜሪካ ውስጥ በክለብ ውድድሮች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚመደቡት ውድድሩ በሚጀመርበት ቀን ባላቸው ዕድሜ ነው፤ 9 እና 10 አንድ ላይ፣ 11 እና 12 አንድ ላይ። ልጅዎ ከምድቧ ትልቅ ወደ ትንሽ የተሸጋገረችው በአንድ ሌሊት ነው። በሚቀጥለው መስመር ያለችው ልጅ 13 ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት፣ በቁመት ራስ የምትበልጣት ልትሆን ትችላለች። የሰኔውንና የአሁኑን ሰዓቷን ጎን ለጎን ጽፈው ያሳዩዋት። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ያው ነው ወይም ተሻሽሏል፤ የተለወጡት ተወዳዳሪዎቹ ናቸው።

«ምንም አይደለም» የሚለውን ግን ይተዉት። ለእሷ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆች ሲደለሉ ያውቃሉ። ማሸነፍ ትፈልግ፣ መፈለጓ ጥሩ ነው። ሆኖም ስንተኛ እንደምትወጣ የሚወስኑት ሌሎቹም ናቸው፤ እንዴት እንደምትዋኝ የምትወስነው ግን እሷ ብቻ ናት።

100 ያርድ በ25 ያርድ ገንዳ አራት ርዝመት፣ ሦስት መዞሪያ ነው። ፍርሃት የሚያበላሸው መጀመሪያውን ነው፦ ልጅቷ እንዳትቀደም ትፈተለካለች፤ የመጀመሪያውን 50 በ35 ሰከንድ ሄዳ ሁለተኛውን በ44 ትጨርሳለች። በ37 ብትጀምር ኖሮ መጨረሻው ላይ እግሯ ባልከዳት። ሌላው ስህተት ተወዳዳሪን ማየት ነው። ለማየት ጭንቅላት ቀና ሲል ዳሌ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ውሃውም ወደ ኋላ ይገፋታል። አጠገቧ ያለችውን ባየች ቁጥር ለእሷ ጊዜ እየሰጠቻት ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ውድድር ከአሰልጣኟ ጋር አንድ ሥራ ብቻ ትምረጥ፦ ዛሬ «ከባንዲራው (ግድግዳው አጠገብ ከገንዳው በላይ ከተሰቀለው) እስከ ግድግዳው ሳልተነፍስ»፣ በሚቀጥለው «ከሦስቱም መዞሪያ ስወጣ እጄን ዘርግቼ፣ ጆሮዬን በክንዴ ሸፍኜ»። ሦስት ሥራ ከተሰጣት አንዱንም አትይዝም። ማታ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ሰዓቷንና ሥራው መሳካት አለመሳካቱን ትጻፍ። ስንተኛ እንደወጣች አይጻፍ።

ለሆድ ቁርጠቱ፦ ዋናውን ምግብ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ከዚያ ሙዝ ቢጤ። ካሟሟቀች በኋላ ደርቃ ወፍራም ልብስ ትልበስ፤ ብርድና ፍርሃት አንድ ዓይነት ያንቀጠቅጣሉ። ተራዋ ሲደርስ እስከ አራት እየቆጠረች በአፍንጫ ታስገባ፣ እስከ ስድስት ታስወጣ፤ አምስት ጊዜ።

ፈጣኖቹ መሃል ስለሚመደቡ፣ የጠርዝ መስመር ሲደርሳት ገና ሳትገባ የተሸነፈች ይመስላታል። ቱኒዚያዊው አሕመድ ሃፍናዊ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ለፍጻሜ ያለፈው በስምንተኛነት ነበር። ጠርዝ ላይ፣ በስምንተኛው መስመር ዋኝቶ በ3:43.36 ወርቁን ወሰደ። ያን ውድድር አብራችሁ እዩት።

ስትወጣ ከእናንተ በፊት አሰልጣኟን ታናግር፤ እርስዎ ፎጣውን ያቀብሏት። መኪና ውስጥ ስለ ሰዓት አታንሱ፣ አባቷም ጭምር። ራሷ ካነሳች «ሥራሽስ እንዴት ሆነ?» ብቻ ይበሏት።

የሆድ ሕመሙ በተራ የልምምድ ቀናትም የሚመጣ ከሆነ ወይም እንቅልፍ ከነሳት፣ ለአሰልጣኟ ነግረው ለጥቂት ሳምንታት ውድድሩን ያስቀንሱላት፤ ለሐኪሟም ያሳዩዋት።