በገዛ ሰውነታችሁ ልክ ማኒኪን መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ስፌት ቤቴ ፒያሳ ነው። በራሴ ሰውነት ልክ የሠራሁትን ማኒኪን (ልብስ እየተለካ የሚሰፋበትን የሰው አካል ቅርጽ) በሩ አጠገብ ካቆምኩት ወዲህ ልብስ ሊያሰፋ የመጣው ሁሉ፣ የሙያ ባልደረቦቼም ጭምር፣ ስለ አሠራሩ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ዛሬ ሥራው ቀዝቀዝ ስላለልኝ ጥያቄያችሁን አምጡ ብያለሁ፤ የማውቀውን አልደብቅም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አሮጌ ካናቴራ በለበሰ ሰውነት ላይ ተለጣፊ ፕላስተር ይጠመጠማል፤ ቅርፊቱ ከጀርባ ተቆርጦ ይወጣና ተመልሶ ተገጥሞ ይሞላል።

ጥያቄ፦ የተዘጋጀው ማኒኪን እያለ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው?

የሚሸጠው ማኒኪን የማንም ሰው ሰውነት አይደለም። ትከሻው እኩል፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ደረቱና ዳሌው በመጠን ሰንጠረዥ የተስማሙ ናቸው። የእኔ ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ይላል፤ ለዓመታት የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሼ ስለምውል የጀርባዬ ላይኛው ክፍልም ጎበጥ ብሏል። ሜትር ዙሪያውን ይነግረኛል እንጂ ሥጋው የት እንደተቀመጠ አይነግረኝም። ወገባቸው እኩል 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ሴቶች የአንዷ ወደ ሆድ፣ የሌላዋ ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። አንድ ቅድ ለሁለቱም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ይህን ነገር ማን ጀመረው?

የደረት ማኒኪንንና ተጣጣፊውን ሜትር በመፍጠር ስሙ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1841 ፓሪስ ውስጥ የስፌት ትምህርት ቤት የከፈተው ልብስ ሰፊ አሌክሲ ላቪኝ ነው።

ጥያቄ (ከቀበና)፦ ቤት ውስጥ ያለኝ የካርቶን ማሸጊያ ስኮች ነው። ይሆነኛል?

አይሆንሽም እህቴ። ስኮች የሰውነትን ጉብታ ተከትሎ አይተኛም፤ ይሸበሸባል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጥቁር ፕላስተር ደግሞ ይብሳል፦ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ከተለጠፈ በኋላ ይሰበሰብና ቅርጹን ያጠበዋል። የምትፈልጊው ውስጡ የጨርቅ ክር ያለበት፣ በእጅ የሚቀደድ፣ ብዙ ጊዜ ብርማ ቀለም ያለው ወፍራም ፕላስተር ነው። የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ጠይቂ። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ለመካከለኛ ሰውነት 2 ወይም 3 ጥቅል ይበቃል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ አጠማጠሙን ከመጀመሪያው አስረጂኝ፤ እህቴ ልትረዳኝ ፈቃደኛ ናት።

ረዳት ማግኘትሽ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ይህን የሚሠራ ሰው ይጣመማል፣ ማኒኪኑም ተጣሞ ይወጣል። ከመጀመርሽ በፊት ደረትሽን፣ ወገብሽንና ዳሌሽን ለክታ በወረቀት ትያዝልሽ። ዘወትር የምታደርጊውን ጡት መያዣ አድርጊ። ከላዩ ዳሌሽን የሚያልፍ፣ ቢቆረጥ የማያሳዝንሽ፣ ልክክ ያለ አሮጌ ካናቴራ ልበሺ። አንገትሽን በፌስታል ቁራጭ ሸፍኚ፤ ፕላስተር ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ያማል።

ፕላስተሩ አጭር አጭር ሆኖ ይቀደድ፤ ጀርባ ላይ እስከ 30፣ ጡት አካባቢ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ። ከጡት ሥር አንድ ዙር ይዞርና፣ ከዚያ ከአንዱ ጎን ወደ ተቃራኒው ትከሻ እያቋረጠ በሁለቱ ጡቶች መካከል መስቀል ይሠራ። ይህ ካልተደረገ ፕላስተሩ ከጡት ጡት እንደ ድልድይ ይዘረጋና ደረቱ አንድ ወጥ ጉብታ ይሆናል። የመጀመሪያው ድርብ አግድም፣ ሁለተኛው ቁልቁል፣ ሦስተኛው ሰያፍ ይሂድ።

ዋናው ነገር ፕላስተሩ ይቀመጥ እንጂ አይሳብ። የመጀመሪያውን ስሠራ ቀጭን ሆኜ እንድወጣ ልቤ ፈልጎ ረዳቴን «ጠበቅ አድርጊው» እላት ነበር። ማኒኪኑ ወገቡ ላይ ከእኔ 4 ሳንቲ ሜትር አንሶ ወጣ። በእሱ ላይ የሰፋሁት ቀሚስ ዚፑ አልዘጋ ብሎኝ ያን ውብ ብትን ጨርቅ ፈታሁት። ማኒኪን እውነቱን ካልያዘ ምንም አይጠቅምም።

ከመቆረጡ በፊት መስመሮቹን አስምሩ። ክር ጫፍ ላይ ቁልፍ አስራችሁ ከአንገት ብታንጠለጥሉት የደረትንና የጀርባን መሐል ያሳያችኋል። ወገብን ክር አስራችሁ አስምሩ፤ የታችኛውን ጠርዝ ከወለል እየለካችሁ አስተካክሉ። የጀርባው መስመር ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አግድም ጭረት ይደረግ፤ መልሳችሁ ስትገጥሙ የምትመሩት በእነዚህ ነው። ጫፉ ዱልዱም በሆነ መቀስ ከታች ወደ ላይ ካናቴራውን ጨምሮ ይቆረጥ፤ ጡት መያዣውን ግን ተጠንቀቁለት። ቅርፊቱ ሲወጣ ሞቃትና ለስላሳ ነው፣ ካናቴራው ላብ ጠጥቷል። ያን ጊዜ ከተተወ ይተኛል፤ ወዲያው ጭረት ከጭረት ገጥማችሁ በፕላስተር ዝጉት።

ሥራው እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል። በልተሽ ቁሚ፣ ጉልበትሽን አታግትሪ፣ ውኃ ይቅረብልሽ። ራስሽን ካዞረሽ አትታገሺ፤ ወዲያው ይቆረጥልሽ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አሁን ብሠራው?

አሁን አይሆንም። ሆድሽ አይታሰር። ከወለድሽ በኋላም ሰውነትሽ እስኪረጋ ቆዪ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ሠርቼ ነበር፤ ዙሪያው ልኬ ነው፣ ሲታይ ግን እኔን አይመስልም። ከፊት ቀጭን፣ ከጎን ወፍራም ሆነ።

ይህ የአሞላል ጉዳይ ነው። የሰው ወገብ ክብ አይደለም፤ ከፊት ሰፋ፣ ከጎን ጠበብ ያለ ሞላላ ነው። ቅርፊቱን ጠቅጥቀሽ ስትሞዪው ግን እንደ ኳስ ወደ ክብነት ይሄዳል። ዙሪያው ሳይለወጥ መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ከመሙላትሽ በፊት የታችኛውን ቀዳዳ ቅርጽ ወፍራም ካርቶን ላይ አንሥተሽ፣ ከሰውነትሽ ጋር አመሳክረሽ ቁረጪና ግጠሚው። ወገቡ ላይም ከፊት ወደ ጀርባ ጠንካራ ክር አሳልፈሽ፣ በሁለቱም በኩል የልብስ ቁልፍ አድርገሽ እሰሪው፤ እንዳይነፋ ይይዘዋል። መሙያው የትራስ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። የጨርቅ ቁርጥራጭም ይሆናል፣ ግን ይከብዳል፣ ከጊዜ በኋላም ወደ ታች ይወርዳል። እየሞላሽ በየመሐሉ ለኪ። ከበለጠብሽ በሁለቱም ጎን ቀጭን ቁራጭ ቆርጠሽ አውጥተሽ መልሰሽ ግጠሚ።

ጥያቄ፦ ስፒል አልገባ ይላል፣ ሲገባም ሙጫ ይዞ ይወጣል።

ፕላስተሩን ባዶውን አትተዪው። ስስ ስፖንጅ አልብሰሽ፣ ከላዩ የሚለጠጥ ጨርቅ ሸፋን ስፊለት። የስፖንጁ ውፍረት ዙሪያውን እንደሚጨምር አስቢበት፤ ቅርፊቱ ያን ያህል መጥበብ አለበት።

ጥያቄ፦ በምን ይቁም?

ጠንካራ የእንጨት ዘንግ በቀለም ባልዲ ውስጥ በሲሚንቶ ትከሉት። ለትከሻው የእንጨት ማንጠልጠያ ዘንጉ አናት ላይ ይቸነከር። ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ግን አርቁት፤ የፕላስተር ሙጫ ሙቀት ሲነካው ይላላል።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ልጄ ውጭ አገር ናት። ለሠርጓ የሀበሻ ቀሚስ እዚህ ላሰፋላት እፈልጋለሁ፤ በስልክ የምትልክልኝ ልክ ግን ይለያያል።

እማማ፣ ለዚህማ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። እዚያው ከጓደኛዋ ጋር ቅርፊቱን ትሥራ። ጀርባውን ወዲያው ገጥማ ትዝጋው፤ ከዚያ ሳትሞላው በስሱ ጠፍጥፋ በፖስታ ትላክልዎት፤ ትንሽ ቢጨማደድም ሲሞላ ይመለሳል። መሙላቱን እኔ አግዝዎታለሁ። ሁለት ልክ ግን አብራ ትጻፍ፦ የወገቧን ዙሪያ፣ እንዲሁም ከወገቧ እስከ ወለል ያለውን ቁመት። ቁመቱ የሚለካው የሠርጓን ጫማ አድርጋ ነው። ቀሚሱ ሲደርስ የታችኛውን ጠርዝ ቶሎ አያስጨርሱ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ጥለቱ ሲከብደው ወደ ታች ይሳባል፤ ማኒኪኑ ላይ አንድ ሌሊት ይደር፣ ጠርዙ በማግሥቱ ከወለል እየተለካ ይታጠፍ።