የሚንኮሻኮሽ ፍሪሲዮንና ያረጀ ቺንጋ፦ ስለ ዱካቲ 996 ኤስ.ፒ.ኤስ. ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምክር

በሚላኖ አቅራቢያ የሚኖሩ አንድ አንባቢ እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ ዱካቲ 996 ኤስ.ፒ.ኤስ. የተባለ የጣሊያን ሞተር ሳይክል ከአንድ ሰብሳቢ እንደገዙ፣ ሞተር ሳይክሉም ለረጅም ዓመታት በሞቀ ክፍል ውስጥ ቆሞ የተጓዘው ከ4,000 ኪሎ ሜትር እንደማይበልጥ ጽፈውልኛል። ሻጩ አስነሥቶ ባሳያቸው ጊዜ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ከቀኝ በኩል በጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ሳንቲም ያለ ድምፅ ሰምተዋል፤ የፍሪሲዮኑን እጀታ ሲጨብጡት ድምፁ ይብሳል። አንድ መካኒክ ፍሪሲዮኑን በሙሉ አውጥተው በዘይት ውስጥ በሚሠራ እንዲተኩት፣ የሞተሩን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሱትን ቺንጋዎች ግን ብዙ ስላልሠሩ እንዳይነኳቸው መክሯቸዋል፤ አንባቢያችንም ይህን ምክር ይከተሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ወንድሜ፣ የእኔ ምክር የዚህ ተቃራኒ ነው። ፍሪሲዮኑን አስፈትሸው ባለበት ይተዉት፤ ቺንጋዎቹን ግን ሞተሩን ዳግመኛ ሳያስነሡ ያስቀይሩ።

ይህን የምለው ሞተር ሳይክሉ የተሠራበትን ምክንያት ይዤ ነው። በዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮና ደንብ መሠረት ለውድድር የሚቀርበው ሞተር ሳይክል ለመንገድ ከሚሸጥ ሞዴል የተገኘ መሆን ስላለበት፣ ዱካቲ ለውድድር የሚያስፈልጉትን ክፍሎች በተወሰነ ቁጥር በሚወጡ ሞዴሎች ላይ እየገጠመ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ባለአራት ሲሊንደሮቹ በ750 ሲ.ሲ. ሲገደቡ ባለሁለት ሲሊንደሮቹ እስከ 1,000 ሲ.ሲ. ይፈቀድላቸው ስለነበር፣ ከ996 በፊት የነበረው የ916 ሞዴል ሲሊንደር ከ94 ወደ 98 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ 996 ሲ.ሲ. ሆነ። እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ካርል ፎጋርቲ በ1994፣ በ1995፣ በ1998 እና በ1999 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ ቤተሰብ ሞተር ሳይክሎች ሲሆን፣ በ1998 በስሙ ለእንግሊዝ ገበያ የወጣው 202 ብቻ የተሠራ ሞዴልም የመጣው ሻሲው ለአየር ማስገቢያው ሣጥን ተጨማሪ ቦታ እንዲሰጥ በመለወጡና ይህ ለውጥ በመንገድ ሞዴል ላይ መታየት ስለነበረበት ነው። የማሲሞ ታምቡሪኒ ንድፍ ውብ መሆኑን ማንም አይክድም። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚማርከኝ የትኛውንም ክፍል ብፈታ ለምን እንዲህ እንደተሠራ የሚያስረዳ የውድድር ምክንያት ማግኘቴ ነው።

ያለ ዘይት የሚሠራው ደረቁ ፍሪሲዮንም ከዚህ የመጣ ነው። እርስ በርስ ተጣብቀው ጉልበት የሚያስተላልፉት ሸራዎቹ በዘይት ውስጥ ስላልተነከሩ ዘይቱ ጉልበት አይበላባቸውም፣ የሸራው ብናኝም የሞተሩን ዘይት አያቆሽሽም፤ ከውጭ በኩል ስለሚገኝም ውድድር ላይ ቶሎ ይፈታል። ሸራዎቹ በተቀመጡበት የአልሙኒየም ቤት ውስጥ ትንሽ ክፍተት ስላላቸው፣ እጀታው ተጨብጦ የሞላዎቹ ጫና ሲነሣላቸው ይንኮሻኮሻሉ። ስለዚህ እጀታውን ሲጨብጡ የሚብስና ሲለቁ የሚቀንስ ድምፅ የፍሪሲዮኑ የተለመደ ድምፅ ነው። እጀታው ቢጨበጥም ባይጨበጥም የማይለወጥ፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚጨምር ኳኳታ ከሰሙ ግን ምንጩ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ወይም ኩሽኔታ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ።

ፍተሻው ቀላል ነው። ክዳኑ ይከፈትና የሞላዎቹ ብሎኖች ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት እየላሉ ይወጣሉ፤ ሸራዎቹና የብረት ዲስኮቹም የወጡበት ቅደም ተከተል ሳይዛባ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ። ከዚያ የቤቱን ጣቶች በጥፍርዎ ይዳብሱ፤ የሸራዎቹ ጆሮ የመታው ቦታ ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ሸራዎቹ እየተንጠለጠሉ በንጽሕና አይለቁም፣ ቆመውም ሳለ ማርሹን ዜሮ ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ቤቱና ሸራዎቹ የሚቀየሩት ያኔ ነው። የብረት ዲስኮቹን በወፍራም መስታወት ላይ አስተኝተው መጣመማቸውን ይመልከቱ። ብናኙን በአየር ግፊት አይንፉት፤ ለሳንባ ጎጂ ነው። ዘይትም ሆነ ግራሶ ሸራው ላይ ጠብ አይበል።

ወደ ቺንጋዎቹ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት የጎማ ቺንጋዎች አሉ። በዚህ ሞተር ቫልቮቹን የሚዘጋው እንደሌሎቹ ሞተሮች ሞላ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሁለተኛ ማንሻ ነው፤ ይህ ዴስሞ የሚባለው አሠራር በዱካቲው መሐንዲስ በፋቢዮ ታሊዮኒ እጅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የዱካቲ መለያ ሆኗል። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ቫልቮቹ ክፍት እንደሆኑ ስለሚቀሩ ፒስተኑ ይመታቸዋል፤ የዚያ ጥገና ደግሞ ዋጋው ከቺንጋው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጎማ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፣ በዕድሜም ነው። ለረጅም ጊዜ የቆመ ቺንጋ በትናንሾቹ መዘውሮች ላይ እንደተጠማዘዘ ይደርቃል። ለዚህ ቤተሰብ ሞተሮች ኪሎ ሜትሩ ምንም ያህል ያነሰ ቢሆን በየሁለት ዓመቱ መቀየር የተለመደው ሕግ ነው። የውጥረቱ ልክ ወሳኝ ስለሆነ ዴስሞ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት፤ በዚያው አጋጣሚ የቫልቮቹን ክፍተት ይለካልዎታል።

ቺንጋዎቹ ከተቀየሩ በኋላ ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሩ በመጀመሪያ በእጅ ይዙር። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፈሳሽ እርጥበት ስለሚስብ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ በሰርባቶዮው ውስጥ ያሉት የነዳጅ ቱቦዎችና ማጣሪያውም እንዲሁ። ጎማዎቹ ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ ለምሳሌ 1409 ማለት በ2009 በዐሥራ አራተኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። እንዲህ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንዲህ ባለ ሞተር ሳይክል ላይ አይነዳበትም።

የሚወጣውን ማንኛውንም የፋብሪካ ክፍል አይጣሉ፤ ስምና ቀን ጽፈው በካርቶን ያስቀምጡት። በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን መግጠም ግን የሞተር ሳይክሉን ማንነትም ዋጋውንም ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ይንዱት፤ ለመነዳት የተሠራ ነው። መብራት ላይ ሲቆሙ ማርሹን ዜሮ አድርገው እጀታውን ይልቀቁ፤ በከተማ መጨናነቅ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘው አይንፏቀቁ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ዘይቱን አፍስሰው የማፍሰሻውን ብሎን ማግኔት በደማቅ ብርሃን ይመርምሩ። ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው። በዚህ ቤተሰብ ሞተሮች የቫልቭ ማንሻዎቹ የክሮም ልባስ የመላላጥ ጠባይ ስላለው ግን፣ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ስንጥር በማግኔቱ ወይም በዘይት ወንፊቱ ላይ ካገኙ የቴስታታው ክዳን ተከፍቶ ማንሻዎቹ እስኪታዩ ድረስ ሞተሩን አያስነሡት።