የሕግ ምክር፦ በዩታ ቀይ ዓለት ሸለቆ ውስጥ ከአስጎብኚ ጋር ስጓዝ ተጎዳሁ፤ የፈረምኩት ሰነድ ካሳ ከመጠየቅ ያግደኛል?

ጥያቄ፦ ባለፈው መስከረም ዕረፍቴን ብቻዬን ለማሳለፍ ወደ አሜሪካ፣ ደቡብ ዩታ ሄጄ ነበር። ነዋሪነቴ ከአሜሪካ ውጭ ነው። ካናብ ከተማ ከሚገኝ አስጎብኚ ድርጅት የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ገዛሁ፤ ከማላውቃቸው አምስት ሰዎች ጋር በመኪና ወደ ምሥራቅ ተወስደን ጠባብ የዓለት ሸለቆ ውስጥ ገባን። ከቀትር በኋላ ሰማዩ በሩቁ ጠቁሮ ሳለ መሪያችን «ዝናቡ ከእኛ ሩቅ ነው» ብሎ ጉዞውን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ጭቃማ ጎርፍ መጣ፤ ወደ ከፍታ ስንሯሯጥ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። መሪው የሳተላይት መገናኛ አልያዘም ነበር፤ ሄሊኮፕተር የተጠራልኝ አንዱ ተጓዥ ስልክ እስከሚሠራበት ቦታ ድረስ ሄዶ ነው። አሁን የሄሊኮፕተሩና የሆስፒታሉ ሂሳብ ተልኮልኛል። ድርጅቱ «ጠዋት በታብሌት ላይ ፈርመሽ ከተጠያቂነት ነጻ አድርገሽናል» ይለኛል፤ የጉዞ ኢንሹራንሴም «አደገኛ እንቅስቃሴ ነው» በማለት አልከፍልም ብሏል። ብቻዬን ስለነበርኩ የሚመሰክርልኝ ዘመድም ሆነ ጓደኛ የለኝም። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይማርዎት። በእርስዎ ሁኔታ ላይ የሚገኙ ብዙ ሰዎች «ፈርመሻል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጉዳያቸውን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ፤ እርስዎ እንዲህ እንዳያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ፊርማው ከባድ እንቅፋት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚያግድዎ የሚወሰነው በወደቁበት ሰዓት የቆሙበት መሬት በማን ሥልጣን ሥር እንደነበረና የመሪው ጥፋት ምን ያህል ከባድ እንደነበረ በማየት ነው። ስለዚህ መልሴን ከፊርማው በፊት ከመሬቱ እጀምራለሁ።

ከካናብ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው አገር ለተጓዥ ዓይን አንድ ወጥ ቀይ ምድር ቢመስልም፣ ሕጉ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በዩታ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የፌዴራል መንግሥት ይዞታ ሲሆን፣ በካናብ ዙሪያ አብዛኛውን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። ብዙ ጎብኚዎች የሚሄዱበት የዋየር ፓስ መነሻ በዩታ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያው መነሻ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ግን «ዌቭ» ወደሚባለው ማዕበል መሰል ዓለት ከመድረሱ በፊት ሳያውቀው የአሪዞናን ድንበር ይሻገራል። መኪናው ወደ ፔጅ ከተማ አቅጣጫ ርቆ ከሄደ ደግሞ፣ አንቴሎፕ ካንየንና በዙሪያው ያለው ምድር ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ብሔር ግዛት ነው፤ ያም ግዛት የራሱ ሕግና የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። በደብዳቤዎ የሸለቆውን ስም አልጠቀሱም። ስሙን ባያውቁትም አይጨነቁ፤ በዕለቱ በስልክዎ ያነሷቸው ፎቶግራፎች የቦታ መለያ ተከፍቶ ከነበረ ሰዓቱንና ቦታውን በውስጣቸው ይዘዋል። ፎቶዎቹን ሳያስተካክሉና ሳይቆርጡ እንዳሉ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ከዚህም በላይ በዩታ ፍለጋና ነፍስ አድን ሥራ የየካውንቲው (በክልሉ ሥር ያለ አስተዳደር) ሸሪፍ፣ ማለትም የፖሊስ አለቃ፣ ኃላፊነት ስለሆነ፣ ጥሪው የተመዘገበበትን ሰነድ ካናብ ከሚገኝበት ከኬን ካውንቲ ሸሪፍ ቢሮ በክልሉ የመንግሥት መዛግብት ሕግ መሠረት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። ሄሊኮፕተር የተላከበት ነጥብ በዚያ ሰነድ ላይ ሊገኝ ይገባል።

ይህን ሁሉ የምለው የይርጋው ዘመን ከቦታ ቦታ ስለሚለይ ነው። በዩታ በቸልተኝነት ለደረሰ የአካል ጉዳት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ 4 ዓመት ነው፤ በአሪዞና ግን 2 ዓመት ብቻ ነው። ተጠያቂው የመንግሥት አካል ከሆነ ጊዜው እጅግ ያጥራል፦ በዩታ በክልል ወይም በካውንቲ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ በ1 ዓመት ውስጥ፣ በአሪዞና ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቂያ መጀመር አለበት። በፌዴራል መንግሥት ላይ ለሚቀርብ የካሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ውስጥ ማመልከቻ ለመሥሪያ ቤቱ ማስገባት ግዴታ ነው። ቦታው እስኪረጋገጥ ድረስ ሁልጊዜ በአጭሩ ጊዜ ይቁጠሩ። በነገራችን ላይ፣ «ማስጠንቀቂያ አልተለጠፈም» በሚል የፌዴራሉን መንግሥት ለመክሰስ አስበው ከሆነ ተስፋው ቀጭን ነው፤ ሕጉ ለመሥሪያ ቤቶች ውሳኔ ሰፊ ከለላ ይሰጣል። የእርስዎ ዋና ተከሳሽ ገንዘብ ተቀብሎ የወሰደዎ ድርጅት ነው።

አሁን ወደ ፊርማው እንመለስ። በታብሌት ላይ በጣት የተጻፈ ፊርማ ዋጋ የለውም ብለው አይከራከሩ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ፊርማን ከወረቀት ፊርማ ጋር እኩል አድርጎታል። «ቋንቋው በደንብ አልገባኝም፤ ለማንበብም ጊዜ አልተሰጠኝም» የሚለው ክርክርም ብቻውን እምብዛም አያዋጣም፤ ፍርድ ቤቶች የፈረመ ሰው እንዳነበበ ይቆጥሩታል። የዩታ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ለመዝናኛ እንቅስቃሴ የሚፈረሙ ከተጠያቂነት ነጻ ማድረጊያ ሰነዶች በመርሕ ደረጃ እንደሚጸኑ እ.ኤ.አ. በ2008 አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ያው ፍርድ ቤት ለመርሑ ወሰን አበጅቶለታል። ሰነዱ ድርጅቱ ከራሱ ቸልተኝነት ነጻ መሆኑን በግልጽና በማያሻማ ቃል መናገር አለበት፤ ስለ ተፈጥሮ አደጋ ብቻ የሚያወራ ወረቀት ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ የፈረሙትን ሰነድ ሙሉ ቅጂ ከድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በውስጡም የግልግል ዳኝነት አንቀጽ፣ እንዲሁም ክርክሩ በየትኛው ፍርድ ቤትና በየትኛው ክልል ሕግ እንደሚታይ የሚወስን አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ከሁሉ የሚበልጠው ወሰን ግን ይህ ነው፦ በዩታ ሕግ ማንም ሰው በቅድሚያ በተፈረመ ሰነድ ከከባድ ቸልተኝነት ነጻ ሊሆን አይችልም።

ከባድ ቸልተኝነት ማለት ተራ ስሕተት ማለት አይደለም። የዩታ ፍርድ ቤቶች የሚሰጡት ትርጉም ጥቂት ጥንቃቄ እንኳ አለማድረግን፣ ሊከተል ለሚችለው ጉዳት ፍጹም ግድ የለሽ መሆንን ይጠይቃል። መለኪያው ከፍ ያለ መሆኑን ከአንድ ፍርድ ልንገርዎ። በመሪ በሚካሄድ የፈረስ ግልቢያ ላይ መሪዋ በፈረሶቹ መካከል ያለው ርቀት እንዲሰፋ ተወች፤ ወደ ኋላ የቀረው ፈረስ ለመድረስ ሲሮጥ ጋላቢዋ ወድቃ ተጎዳች። የዩታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ከባድ ቸልተኝነት አይደለም በማለት ለድርጅቱ ፈረደ፤ ምክንያቱም ከመሪዋ በኩል የተወሰነ ጥንቃቄ ታይቷል። የእርስዎም ተከሳሽ በዚህ ፍርድ ላይ ተደግፎ «መሪያችን ሰማዩን አይቷል፣ ርቀቱን ገምቷል፣ ሳያስብ አልገባም» እንደሚል ከወዲሁ ይጠብቁ።

የእኔ እምነት ግን የመሪው ቃል ከድርጅቱ ይልቅ ለእርስዎ ይረዳል የሚል ነው። በክፍት ሜዳ ላይ ዝናቡ ሩቅ መሆኑ መጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ በጠባብ የዓለት ሸለቆ ውስጥ ግን ሰው የሚገድለው ይኸው የሩቅ ዝናብ ነው። ዓለቱ ውኃ አይመጥም፤ ከላይ በሰፊ ተፋሰስ ላይ የወረደው ሁሉ ወደዚያች ጠባብ ስንጥቅ ይሰበሰባል፤ ከታች ያለው ሰው አንዲት ጠብታ ሳይነካው ጎርፉ ሊደርስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1997 በታችኛው አንቴሎፕ ካንየን 11 ተጓዦች የሞቱት ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በዘነበ ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2015 ደግሞ በዛየን ብሔራዊ ፓርክ፣ ኪሆል ካንየን ውስጥ 7 ሰዎች በደራሽ ጎርፍ አልቀዋል። በዚያ አካባቢ በመሪነት የሚተዳደር ሰው ይህን አላውቅም ሊል አይችልም፤ ደንበኛው ገንዘብ የሚከፍለውም በዋናነት ለዚህ ዕውቀት ነው። የሚታወቀውን አደጋ እያየ፣ መገናኛ መሣሪያ ሳይዝ፣ ስድስት እንግዶችን ይዞ ወደ ውስጥ መዝለቅ ቢያንስ ለጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው ፍሬ ነገሩን ለሚፈርዱ ሰዎች) ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን እምነት ወደ ማስረጃ ለመለወጥ የዕለቱ የአየር ትንበያ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በደቡብ ዩታ ለሚገኙ ፓርኮችና ሸለቆዎች የደራሽ ጎርፍ ዕድልን በደረጃ እየለየ በየዕለቱ ያወጣል። በዚያ ጠዋት የወጣው ደረጃ ከፍ ያለ ከነበረና መሪው ወይም ድርጅቱ ጨርሶ ካልተመለከቱት፣ «ጥቂት ጥንቃቄ» የሚለው መከላከያቸው ይላላል። ሁለተኛው ማስረጃ ድርጅቱ ፈቃድ ያገኘበት ሰነድ ነው። በመሬት አስተዳደር ቢሮው ይዞታ ላይ ለንግድ የሚያስጎበኝ ድርጅት ልዩ የመዝናኛ ፈቃድ ሊኖረው፣ የኃላፊነት መድንም ሊገባ ይገባል። የፈቃዱን ሰነድና አብሮት የቀረበውን የሥራ ዕቅድ በፌዴራሉ የመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት ማንም ሰው፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ ሊጠይቅ ይችላል። በዕቅዱ ላይ «መሪዎቻችን የሳተላይት መገናኛ ይይዛሉ» የሚል ቃል ከተገኘ፣ ድርጅቱ ራሱ የጻፈውን ደንብ መጣሱ በገዛ ሰነዱ ይረጋገጣል። ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ጉዳዩ ለድርጅቱ ይበልጥ ይከብደዋል።

አደጋው የደረሰው ከአሪዞና ድንበር ወዲያ ከሆነ ሌላ በር ይከፈታል። የአሪዞና ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18፣ ክፍል 5 ተጎጂው አደጋውን አውቆ ተቀብሏል የሚለው መከላከያ በማናቸውም ሁኔታ በጁሪ የሚወሰን የፍሬ ነገር ጥያቄ እንዲሆን ያዛል፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህ ድንጋጌ በጽሑፍ ለተፈረሙ ሰነዶች ጭምር እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2005 ወስኗል። በሌላ አነጋገር ዳኛው ፊርማውን ብቻ አይቶ ክሱን ሊዘጋ አይችልም። ድርጅቱ «ውሉ የዩታን ሕግ መርጧል» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ባይሆንም ለድርድር ግን ትልቅ ጉልበት ይሰጥዎታል። ቦታው የናቫሆ ግዛት ሆኖ ከተገኘ፣ ብሔሩ ራሱ ካልፈቀደ በቀር የማይከሰስ ሉዓላዊ አካል መሆኑን፣ በግዛቱ ላይ የሚሠራ የግል ድርጅት ግን የብሔሩ አካል ካልሆነ ይህ ከለላ በቀጥታ እንደማይደርሰው ይወቁ፤ ጉዳዩም አስቀድሞ ወደ ናቫሆ ፍርድ ቤት ሊመራ ይችላል።

ብቻዬን ስለነበርኩ ምስክር የለኝም ላሉት፣ አምስቱ ተጓዦች ምስክሮችዎ ናቸው። እንዲያውም ዝምድና ስለሌላቸው ቃላቸው ከጓደኛ ቃል ይልቅ ይታመናል። ስማቸውና አድራሻቸው በድርጅቱ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ድርጅቱ በገዛ ፈቃዱ ላይሰጥዎ ቢችልም ክስ ከተከፈተ በኋላ ለመስጠት ይገደዳል። ስለዚህ ጠበቃዎ ዛሬ ነገ ሳይል የተጓዦቹን ዝርዝር፣ የመሪውን መልእክቶች፣ የጉዞ ሪፖርቱንና ፎቶዎቹን እንዳያጠፋ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ለድርጅቱ ይላክ። እርስዎም መሪው የተናገረውን፣ ማን ምን እንደመለሰለት፣ ውኃው እንዴት እንደመጣ አሁኑኑ ጽፈው ቀን ያስቀምጡበት።

ተከሳሹ «እርስዎም ሰማዩን እያዩ ገብተዋል» ማለቱ አይቀርም። በዩታ የእርስዎ የጥፋት ድርሻ ከሌሎቹ ድምር ካነሰ ካሳው በድርሻዎ ልክ ተቀንሶ ይከፈልዎታል፤ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ምንም አያገኙም። በአሪዞና ግን ድርሻዎ ከግማሽ ቢያልፍም የቀረውን ከመጠየቅ አያግድዎትም።

የሄሊኮፕተሩን ሂሳብ በተመለከተ፣ ነፍስ አድን ቡድኑና የአየር አምቡላንሱ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። የዩታ ካውንቲዎች ለነፍስ አድን ሥራ ካወጡት ወጪ የተወሰነውን ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ ትልቁ ሂሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአየር አምቡላንሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ታካሚዎችን ካልተጠበቀ የአየር አምቡላንስ ክፍያ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ የአሜሪካ የጤና መድን ላላቸው እንጂ ለእርስዎ አይደርስም። ስለዚህ ዝርዝር ሂሳብ በጽሑፍ ይጠይቁና ይደራደሩ። ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቆመ ከሆነ በጽሑፍ የሰፈረ የገንዘብ ድጋፍ ደንብ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፤ ማመልከቻውን ይጠይቁ። እነዚህ ወጪዎች በሙሉ በድርጅቱ ላይ በሚያቀርቡት የካሳ ጥያቄ ውስጥ ይካተታሉ።

ስለ ኢንሹራንሱ፣ «አደገኛ እንቅስቃሴ» የሚለው ቃል በውሉ ትርጓሜ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደተገለጸ ይዩ። ብዙ ውሎች የሚያገሉት በገመድ የሚደረግ አለት መውጣትንና የመሳሰለውን ነው፤ በመሪ የሚደረግ የእግር ጉዞ በስም ካልተጠቀሰ ኩባንያው ለራሱ አስፍቶ ሊተረጉመው አይገባም፤ በብዙ አገሮች ሕግ አሻሚ የመድን ቃል የሚተረጎመው በጻፈው ላይ ነው። ውድቅ ያደረገበትን አንቀጽ በቁጥር ጠቅሶ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ ይግባኝዎንም ውሉ በሰጠው ጊዜ ውስጥ ያስገቡ።

በአሜሪካ ለመክሰስ በዚያ መኖር ወይም ዜጋ መሆን አያስፈልግም። በዩታ ፈቃድ ያለው የአካል ጉዳት ጠበቃ ይፈልጉ፤ ብዙዎቹ በቅድሚያ ሳያስከፍሉ ከሚገኘው ካሳ መቶኛ በመውሰድ ይሠራሉ፤ መቶኛውንና ሌሎች ወጪዎችን ማን እንደሚሸፍን ግን ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ያስቀምጡ። ከዚህ በላይ የጻፍኩት አጠቃላይ ማብራሪያ ስለሆነ የእርሱን ምክር አይተካም። እስከዚያው የድርጅቱ መድን ሰጪ ቢደውልልዎ የሚቀረጽ ቃል አይስጡ። የጉዞውን ዋጋ እንመልስልዎ ቢሉም ከገንዘቡ ጋር የሚላከውን ወረቀት ለጠበቃዎ ሳያሳዩ አይፈርሙ፤ ገና ከጉዳቱ በፊት እንደተፈረመው ሰነድ ሳይሆን፣ ከጉዳት በኋላ የሚፈረም የመጨረሻ ስምምነት ከባድ ቸልተኝነትን ጨምሮ ጥያቄዎን በሙሉ ሊዘጋው ይችላል።