«እኔ እኮ አጥቂ ነኝ» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ታዳጊዎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቅሬታ ሳልሰማ ያለፈ የውድድር ዘመን የለም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አጥቂ ነኝ፤ ለምን መስመር ላይ ያሰልፉኛል?» ልጁ ከልቡ ነው የሚለው። ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ማታ ደግሞ አባት ይደውላሉ። ሜዳ ዳር ቆሜ በሁለት ቃል የምመልሰው ነገር ስላልሆነ፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ። መልሴ የአንድ ሆላንዳዊ ተጫዋች የእግር ኳስ ሕይወት ነው። ዲርክ ኩይት ይባላል።

ብዙዎቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ታላላቅ ወንድሞቻችሁን ጠይቁ፤ በተለይ የሊቨርፑል ደጋፊ የሆኑትን። ወርቃማ ጸጉር፣ 18 ቁጥር፣ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የሚሮጥ። ሆላንድ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያነሳው ክራይፍን፣ ቫን ባስተንን፣ ቤርካምፕን ነው። ይገባቸዋል። እኔ ግን ለጀማሪ ተጫዋች የኩይት ታሪክ ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ቤርካምፕን ስታዩ ትደነቃላችሁ እንጂ ነገ ልምምድ ላይ ልትደግሙት አትችሉም። ኩይት ያደረገውን ግን መሞከር ትችላላችሁ። ከባድ ነው፤ ይቻላል ግን።

የተወለደው በ1980 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በሰሜን ባሕር ዳርቻ ባለች ካትዋይክ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። አባቱም ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ያደገው በታላላቆቹ ክለቦች አካዳሚ ሳይሆን ኩዊክ ቦይስ በሚባል የከተማው አማተር ክለብ ነው። በ18 ዓመቱ ዩትሬክት ወሰደው። አምስት ዓመት እዚያ ተጫውቶ፣ በ2003 የሆላንድን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ካነሳ በኋላ ወደ ሮተርዳሙ ፌይኖርድ ተዛወረ።

ፌይኖርድ ላይ ሙሉ በሙሉ አጥቂ ነበር። በ2004/05 የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ 101 የሊግ ጨዋታ፣ 71 ጎል። ሊቨርፑል በ2006 የገዛው ይህንን ሰው ነው። «እኔ እኮ አጥቂ ነኝ» ለማለት ማስረጃው በእጁ ነበር ማለት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ፊት ላይ ተጫወተ። በ2007 ግን ስፔናዊው አጥቂ ፈርናንዶ ቶሬስ መጣ። አሰልጣኙ ራፋኤል ቤኒቴዝ ኩይትን ወደ ቀኝ መስመር አወጣው። አሁን እዚህ ቦታ ላይ በደንብ አስቡ። የቀኝ መስመር ተጫዋች ስትባሉ የሚመጣባችሁ ሰው ሲያታልል፣ አብዶ ሲሠራ ነው አይደል? ኩይት አብዶ የለውም። በጣም ፈጣንም አልነበረም። አንዳንዴ ኳስ ሲቆጣጠር ትርቀው ነበር፤ ደጋፊውም ያጉረመርምበት ነበር። ታዲያ ምን ሠራ? የተጋጣሚው ግራ ተከላካይ ወደፊት ሲወጣ አብሮ ወረደ። ከጀርባው ያለው የራሱ ተከላካይ ብቻውን እንዳይቀር ሸፈነለት። ከግራ በኩል ኳስ ሲሻገር ደግሞ ሩቁ ቋሚ ጋ ቀድሞ ደረሰ። የአጥቂነት አፍንጫውን ጥሎት አልመጣም፤ ይዞት ነው መስመር ላይ የሄደው።

በኋላ ቤኒቴዝ ሄደ። ሮይ ሆጅሰን መጣ፣ እሱም ሄደ። ኬኒ ዳልግሊሽ ተተካ። ሦስቱም አሰለፉት። አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር ቦታውን የማያጣ ተጫዋች ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ እኛ አሰልጣኞች እናውቃለን። በስድስት ዓመት ለሊቨርፑል 285 ጨዋታ ተጫውቶ 71 ጎል አግብቷል።

ደግሞ ጎሎቹ የመጡበትን ጊዜ ተመልከቱ። በ2007 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ቼልሲ በፔናሊቲ ሲሸነፍ የመጨረሻዋን የመታው እሱ ነው። አቴንስ ላይ በፍጻሜው ኤሲ ሚላን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ የሊቨርፑልን ጎል በጭንቅላቱ ያገባው እሱ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2011 ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ሃትሪክ ሠራ። ሦስቱንም ጎሎች ፈልጋችሁ እዩዋቸው። በመጀመሪያው ሉዊስ ስዋሬዝ ተከላካዮቹን አልፎ ወደ ጎል ሲልካት ኩይት መስመሩ ላይ ደርሶ ገፋት። ሁለተኛው ናኒ በጭንቅላቱ ለማውጣት ሲሞክር ወደ ኋላ የላካት ኳስ ናት፤ ኩይት ጠብቆ በጭንቅላቱ አስገባት። ሦስተኛው በረኛው፣ ያውም የአገሩ ልጅ ቫን ደር ሳር፣ የተፋው ቅጣት ምት ነው። ሦስቱም ከጎሉ አፍ ላይ። «ዕድለኛ ነው» ይላል ሰው። አንዴ ቢሆን እኔም እላለሁ። ሦስት ጊዜ ግን፣ ያውም በአንድ ጨዋታ፣ ሰውየው ኳሷ የምትወድቅበትን ቦታ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ደግሞ ማንም ቲክቶክ ላይ ቆርጦ አይለቀውም፤ ምክንያቱም ዋናው ሥራ የተሠራው ኳሷ ከመድረሷ በፊት ነው።

ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ልውሰዳችሁ። ከ2004 እስከ 2014 ለሆላንድ 104 ጊዜ ተሰልፎ 24 ጎል አግብቷል። በ2010 የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ፖርት ኤልዛቤት ላይ ከብራዚል ጋር 1 ለ 1 ናቸው። አርየን ሮበን ከቀኝ በኩል የማዕዘን ምት ይመታል። ኩይት ወደ ቅርቡ ቋሚ ይሮጣል። ኳሷን በጭንቅላቱ ጨረፍ አድርጎ ወደ ኋላ ያሳልፋታል። ከሁሉም አጭር የሚባለው ዌስሊ ስናይደር ማንም ሳይይዘው በጭንቅላቱ ያገባል። 2 ለ 1። ብራዚል ወደ ቤት። በማግስቱ ጋዜጣ ሁሉ ስናይደር፣ ስናይደር አለ። አላጠፉም፣ ጎሉ የእሱ ነው። ግን ያቺን ጭረፋ አስወጧትና ጎሉን ፈልጉት፤ የለም። በግማሽ ፍጻሜውም ከኡራጓይ ጋር ሮበን በጭንቅላቱ ያገባትን ኳስ ከግራ ያሻገረው ኩይት ነው። ፍጻሜውን በስፔን 1 ለ 0 ተሸነፉ።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው የ2014ቱን ነው። ኩይት 33 ዓመቱ ነው። ብራዚል በተዘጋጀው ዓለም ዋንጫ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ሜዳ አልገባም። ከዚያ ሉዊ ቫን ኻል ከቺሊ ጋር የግራ ተመላላሽ አድርጎ አሰለፈው። የቀድሞውን ኮከብ ጎል አግቢ! ቀጥሎ ፎርታሌዛ ላይ ከሜክሲኮ ጋር 100ኛ ጨዋታውን አደረገ። ሙቀቱ ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ ውሃ የሚያስጠጣበት ነው። ኩይት በግራ ጀመረ። ሜክሲኮ 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ወደ ቀኝ ተከላካይነት ተቀየረ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊት እንዲጫወት ወጣ። በአንድ ጨዋታ ሦስት ቦታ፣ በዚያ ፀሐይ። ሆላንድ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት አግብታ አለፈች። ኮስታሪካን በፔናሊቲ ሲያሸንፉ የመጨረሻዋን ያገባው ኩይት ነበር። በግማሽ ፍጻሜውም አርጀንቲና ላይ የራሱን አላባከነም፤ ቡድኑ ግን ወደቀ። ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። አሰልጣኝ ያለውን ሁሉ አንገት ደፍቶ መቀበል ማለቴ አይደለም። ኩይት ሊቨርፑል ላይ በቋሚነት መሰለፉ ሲቀንስ፣ በ2012 የሊግ ካፕ ዋንጫውን ይዞ ወደ ቱርክ ሄደ። ፌነርባቼ ውስጥ በሦስት ዓመት ሊጉንም ዋንጫውንም አነሳ። መጫወት የሚፈልግ ሰው የሚጫወትበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ይህ ነውር የለውም። የምቃወመው ሜዳ ውስጥ ማኩረፍን ነው። መስመር ላይ አሰለፉኝ ብሎ ተጋጣሚው ሲያልፈው ቆሞ የሚያይ ልጅ፣ የሚጎዳው ከኋላው ያለውን ጓደኛውን እንጂ እኔን አይደለም። ወላጆችም ብትሆኑ ልጃችሁን «ስንት አገባህ?» ብቻ እያላችሁ አትጠይቁት።

በ2015 ወደ ፌይኖርድ ተመለሰ። በ2016 አምበል ሆኖ የሆላንድን ዋንጫ አነሳ። በቀጣዩ ዓመት ግን ዕድሜውም ሄደ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጥም መጣ። አሰልጣኙ በ2010 የብሔራዊ ቡድኑ አምበል የነበረው ጆቫኒ ቫን ብሮንክሆርስት ነው። የቀድሞ የቡድን ጓደኛህ ቤንች ሲያደርግህ እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ፌይኖርድ ከ1999 ወዲህ የሊግ ዋንጫ አላነሳም ነበር። ዋንጫውን ለማረጋገጥ አንድ ድል ሲቀረው፣ ኩይት ተቀያሪ ሆኖ በጀመረበት ጨዋታ በኤክሴልሲዮር 3 ለ 0 ተሸነፈ። አያክስ በአንድ ነጥብ ብቻ ርቆ ይከተለዋል። ግንቦት 14 ቀን 2017፣ በመጨረሻው ቀን፣ ኩይት ከሄራክሌስ ጋር በቋሚነት ተሰለፈ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አገባ። በ12ኛው ደቂቃ ደገመ። መገባደጃው ላይ በፔናሊቲ ሦስተኛውን ጨመረ። 3 ለ 1፣ ከ18 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን። ከሦስት ቀን በኋላ ጫማ መስቀሉን አስታወቀ። ያን ቀንም የተጫወተው ከዋናው አጥቂ ጀርባ፣ አማካይ ሆኖ ነበር።

ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የ2010ሩን የብራዚል ጨዋታና የ2014ቱን የሜክሲኮ ጨዋታ ሙሉውን ፈልጋችሁ እዩ፤ ቅንጭቡን አይደለም። ኳሷን ተዉአትና ኩይትን ብቻ ተከተሉ። ኳስ በሌላኛው መስመር ስትሆን የት እንደሚቆም፣ ቡድኑ ኳስ ሲያጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እርምጃዎች ወዴት እንደሚሮጥ ደብተር ላይ ጻፉ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ይዛችሁልኝ ኑ። ከዚያ ስለ ቦታችሁ ቁጭ ብለን እናወራለን።