ጥያቄና መልስ፦ አውሮፕላን በሳተላይት እየተመራ መርከብ ላይ እንዴት ያርፋል?

ሰላም ሰዎች፣ ስራዬ ናቪጌሽን ነው፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አደራ ግን ስልካችሁ ላይ ያለውን ጂፒኤስ እያሰባችሁ አትጠይቁኝ።

ናቲ፦ ጋሼ ጂፒኤስ በሜትሮች ይሳሳት የለ እንዴ? በዛ እንዴት መርከብ ላይ ይታረፋል?

መልስ፦ ይኸው፣ የስልኩን ተወው አልኩ! አውሮፕላኑ ምድር ላይ የት እንዳለ ማወቁ ብዙም አይጠቅመውም፣ ከመርከቧ አንጻር የት እንዳለ ነው ሚፈልገው። ሁለቱም ሪሲቨር አላቸው፣ ያንኑ ሳተላይቶች ያያሉ፣ መርከቧ የለካችውን በሚስጥር ኮድ በሬዲዮ ትልክለታለች፣ እሱ ከራሱ ልኬት ጋር ሲቀናንሰው የሳተላይቱ ሰዓት ስህተትና ከባቢ አየር የሚያመጣው መዘግየት ለሁለቱም አንድ አይነት ስለሆነ ይጠፋፋል። ከዛ ደግሞ የሞገዱን ፌዝ፣ ማለትም ሞገዱ በአንድ ዙሩ ውስጥ የት እንደደረሰ ይለካሉ። ኤል1 የሚባለው የጂፒኤስ ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴ.ሜ ገደማ ነው፣ በሳተላይቱና በሪሲቨሩ መሃል ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ በትክክል ካወቅክ ልኬትህ ወደ ሴንቲሜትር ይወርዳል። ቆጠራው ከተዛባ ግን ቁጥሩ ያው ያማረ ይመስልሃል፣ የተሳሳተ ሆኖ!

ቢኒ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ አላውራበትም።

ሄለን፦ አንቴናው ያለው ማማው ላይ ነው አይደል? መርከቧ ስትወዛወዝ ማረፊያው ቦታ ከአንቴናው እኩል አይንቀሳቀስም እኮ

መልስ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ትልቋ የአውሮፕላን ተሸካሚ ከ330 ሜትር በላይ ትረዝማለች፣ አፍንጫዋ 1 ዲግሪ ብቻ ቀና ቢል ከመሃሏ 100 ሜትር ወደኋላ ያለ ቦታ 1.7 ሜትር ይወርዳል። አውሮፕላኑ መርከቧ ላይ የተዘረጋውን ሽቦ ይዞ የሚቆምበት መንጠቆ ደግሞ የመርከቧን የኋላ ጠርዝ ሚያልፈው በ4 ሜትር ገደማ ነው፣ አስቢው። ስለዚህ ሳተላይት ብቻውን ምንም አያደርግም፣ መርከቧ ላይ ያሉት የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች ዘንበል ቀና ማለቷን፣ ከፍ ዝቅ ማለቷን እየለኩ የአንቴናውን ቦታ ወደ ማረፊያው ነጥብ ያዛውሩታል፣ ሳያቋርጡ። ሰው ሁሉ ሳተላይት ሳተላይት ይላል፣ ከባዱ ስራ ግን እዚህ ጋ ነው።

ኪያ፦ ሰው የሌለው አውሮፕላን በዚህ አርፎ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ፣ ኤክስ-47ቢ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2013፣ ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ የምትባለው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ። ሁለቴ አረፈ፣ በሶስተኛው ሙከራ የራሱ የናቪጌሽን ኮምፒውተር ላይ ችግር አይቶ ማረፉን ትቶ የብስ ላይ፣ ዋሎፕስ ደሴት ሄዶ አረፈ። ጋዜጣው ስለ ሁለቱ ጻፈ፣ እኔ ምወደው ሶስተኛውን ነው፣ ትክክል መሆን ብቻ አይበቃም፣ ትክክል ሳትሆን በሰዓቱ ማወቅ አለብህ።

ቢኒ፦ በቃ ፓይለት አያስፈልግም ማለት ነው

ዳዊት፦ ኧረ ተው፣ ሱፐር ሆርኔት የሚባለው ተዋጊ ጄት ማጂክ ካርፔት የሚሉት ማረፊያ አጋዥ ካለው በኋላ ፓይለቱ ራሱ በቀላሉ ያሳርፋል

ቢኒ፦ እሱም ሳተላይት ነው እኮ

ዳዊት፦ አይደለም!

ቢኒ፦ ነው ስልህ

መልስ፦ አይደለም። የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው፣ ከሳተላይት ጋር አይገናኝም። እና ደግሞ በራሱ ማረፍ ገና ዛሬ የመጣ አታስመስሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 አንቲተም የምትባል መርከብ ላይ በራዳር ተደርጓል። ወደ ጉዳያችን።

ሳሚ፦ ሰላም አሁን ገባሁ፣ ስልኬ ላይ ያለው ጂፒኤስ አንዳንዴ ሌላ መንገድ ላይ ያሳየኛል፣ በዚህ እንዴት…

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ዳዊት፦ ራዳር አይሻልም ታዲያ? ጂፒኤስ እኮ ይታፈናል፣ በሌላ ሬዲዮ ይረበሻል

መልስ፦ ይታፈናል፣ ሲግናሉ ከ20,000 ኪ.ሜ በላይ ተጉዞ ነው ሚመጣው፣ በጣም ደካማ ነው። አፈናውን ሚቋቋም አንቴና አለ፣ ወታደራዊ ኮድ አለ። ራዳሩም ቢሆን ጨረሩን ሲረጭ ለጠላት እዚህ ነኝ እያለ ነው። የአሜሪካ ባህር ኃይል ጄፓልስን፣ ማለትም ይሄንኑ የምናወራበትን የሳተላይት ማረፊያ ዘዴ፣ ለኤፍ-35 ተዋጊ ጄት ሲያስገባ የድሮውን ራዳርም ፓይለቱን የሚመራውን መብራትም አልጣለም፣ አንዱን ብቻ አትምረጥ።

ሄለን፦ ሬዲዮው መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ ቢቋረጥስ?

መልስ፦ ያለ መረጃ መውረድ የለም፣ ጉልበት ጨምሮ ይነሳና ዞሮ ይመጣል። ፓይለት ሲያሳርፍም ጎማው ዴኩን (የመርከቧን ወለል) እንደነካ ሞተሩን እስከ ጫፍ ይከፍታል፣ መንጠቆው ሽቦውን ከሳተ መልሶ እንዲነሳ። የቀረውን ነገ እመልሳለሁ፣ ቢኒ ዋጋውን እንዳትደግም።